የማታ አካውንቲንግ ኮርስ ወስጄ ጨርሻለሁ፣ ስለ ማርክ አሰጣጡና ስለ ሕጉ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰላም፣ ባለፈው የካቲት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ በማታው ፕሮግራም ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ 1 ጀምሬ ሰኔ ላይ ጨረስኩ። ከታች ቅሬታም ስላለኝ የኮሌጁን ስም አልጠራም። ሰው ልመዝገብ ሲል የሚጠይቀው ክፍያው ስንት ነው፣ ካምፓሱ የት ነው፣ ታክሲ ይገኛል ወይ ነው፣ እኔም ያንኑ ነው የጠየቅኩት፣ ማርክ እንዴት ነው የምትሰጡት ኩረጃ ላይ ሕጋችሁ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም፣ ከወሰድኩት በኋላ ሳየው ኮርሱን ኮርስ ያደረገው እሱ ነው፣ ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

መምህራችን የመጀመሪያ ቀን ገብተው ምንም ሳያስተምሩ ኮርስ አውትላይኑን አደሉንና መስመር በመስመር አነበቡልን። ሁለት ኩዊዝ 10፣ የግል አሳይመንት 10፣ የግሩፕ አሳይመንት 10፣ ሚድ 20፣ ፋይናል 50። ግሬዱ ፊክስድ ነው ከርቭ (ከክፍሉ ተማሪ ጋር እያወዳደሩ ግሬድ መስጠት) የለም፣ 90ና ከዛ በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ83 ጀምሮ ኤ፣ ከ80 ኤ ማይነስ፣ ከ75 ቢ ፕላስ፣ ከ68 ቢ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሲና ዲ ይወርዳል፣ ከ30 በላይ ሆኖ 40 ያልሞላ ኤፍ ኤክስ ነው ድጋሚ ይፈተናል፣ 30 ያልሞላ ኤፍ ነው ኮርሱን እንደገና ከፍሎ ይወስዳል። ስኬሉ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ያለው ነው አዲስ ነገር የለውም። ከርቭ አለመኖሩ ግን እኛ ክፍል ላይ በደንብ ታይቷል፣ የሌላው ጎበዝ መሆን ያንቺን ግሬድ አይነካውም፣ ስለዚ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን ስንሰራ ሃንድአውት የሚደብቅ ያለፈ ፈተና አግኝቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። መምህሩ ማርክ የሚሰጡት ለመጨረሻው ድምር ሳይሆን ለአሰራሩ ነው። ሌላ ቦታ የሚማር ጓደኛዬ 15 ማርክ ያለው የወርክሺት (የሒሳብ መዝጊያ ሰንጠረዥ) ጥያቄ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰርቶ ኔት ኢንካሙ (የተጣራ ትርፉ) ከመልሱ ጋር አልገጠመም ተብሎ ዜሮ ተሰጥቶታል፣ ወረቀቱን አሳይቶኛል፣ የሳተው አንድ መስመር ነው። አካውንቲንግ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ የሳታችሁት ቁጥር እስከ ባላንስ ሺት (ንብረት በአንድ በኩል፣ ዕዳና ካፒታል በሌላ በኩል የሚታይበት ሪፖርት) ድረስ ይከተላችኋል፣ አንዱን ስህተት አምስቴ መቅጣት ተማሪውን ከትምህርቱ ማባረር ነው።

እኔ ፋይናል ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ታህሳስ 1 ቀን የ12 ወር ኪራይ 120,000 ብር ቅድሚያ ተከፍሏል፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ አጀስት አድርጊ ይላል። ከታህሳስ እስከ ሰኔ 7 ወር ነው፣ ወጪው 70,000 ነው፣ 50,000 ፕሪፔይድ (ቅድሚያ ተከፍሎ ጊዜው ያልደረሰ) ሆኖ ይቀራል። እኔ በጥድፊያ ታህሳስን ሳልቆጥር 6 ወር አደረግኩትና 60,000 ጻፍኩ። ኔት ኢንካሜ በ10,000 በዛ፣ ካፒታሉም በ10,000 በዛ፣ በንብረት በኩል ደሞ ፕሪፔይዱ በ10,000 በዛ፣ ስለዚ ባላንስ ሺቴ ቁጭ ብሎ ባላንስ አደረገ። እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ ኪራዩ ላይ 2 ማርክ ቆርጠው ከዛ በታች ያለውን በሙሉ በራሴ ቁጥር እየተከተሉ አርመውታል፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ በራሷ ቁጥር ትክክል ነው የሚል ምልክት አለው፣ ከ15 13 አገኘሁ። በዛ ላይ ከስሩ ባላንስ ማድረጉ ትክክል መሆኑን አያሳይም ብለው በቀይ ጽፈውበታል፣ ያቺን ወረቀት እስካሁን አስቀምጫታለሁ።

ኩዊዝ ላይም እንደዚው ነው። ቫት ጨምሮ 230,000 ብር የሆነ ሽያጭ መዝግቡ ሲባል ብዙ ሰው 230,000ውን በ15 በመቶ አባዝቶ 34,500 ቫት፣ 195,500 ሽያጭ ብሎ ጻፈ፣ ትክክለኛው ለ1.15 ተካፍሎ 200,000 ሽያጭና 30,000 ቫት ነው። እኔ መርካቶ አንድ ጅምላ መደብር ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ይሄን በየቀኑ ስለማየው አልሳትኩትም። የሳቱት ልጆች ግን አካውንቶቹን በትክክለኛው ጎን ስላስቀመጡ ግማሽ ማርክ አገኙ፣ ኢንትሪው እኮ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው፣ ስህተቱ ቫቱ ከምኑ ላይ እንደሚሰላ አለማወቅ ነው፣ ለዛ የሚገባው ግማሽ መቆረጥ ነው፣ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደሞ ጠንከር ወዳለው ሕግ ልምጣ፣ እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ትራያል ባላንስ (የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) አልገጥም ሲል ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ይታወቃል፣ አንዱ አካውንት ላይ የጎደለውን ቁጥር ጨምሮ ያስገጥመዋል። በዚህ ኮርስ አውትላይን ላይ እንዲህ ይላል፣ ካልገጠመልህ በስንት እንዳልገጠመ ጻፍ፣ ስህተቱ የት ሊሆን እንደሚችል ግምትህን ጻፍ፣ የሚቆረጥብህ ትንሽ ነው። ቁጥር ፈጥረህ ካስገጠምከው ግን ጥያቄው በሙሉ ዜሮ ነው፣ ከኩረጃ እኩል ይታያል። መጀመሪያ ስሰማው ከባድ መሰለኝ። ሚድ ላይ የኔ ትራያል ባላንስ በ2,700 አልገጠመም፣ ሰዓቱ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ቀርቶታል፣ እጄ ሰፕላይስ ላይ 2,700 ሊጨምር ምንም አልቀረውም። ተውኩትና ልዩነቱ 2,700 ነው፣ ለ9 እኩል ይካፈላል፣ ስለዚ ሁለት ዲጂት አገላብጬ ጽፌ ይሆናል ብዬ ከስሩ ጻፍኩ፣ ዲጂት ሲገላበጥ ልዩነቱ ሁሌ ለ9 ይካፈላልና። እውነትም 7,400ን 4,700 ብዬ ነበር ፖስት ያደረግኩት። የተቆረጠብኝ 1 ማርክ ብቻ ነው።

ይሄ ነገር ሥራዬም ላይ ገብቷል። መደብር ውስጥ ማታ ካሽ ሲዘጋ ጉድለት ከመጣ የለመድነው ከኪስ ሞልቶ ዝም ማለት ነው፣ ሲበዛም ለነገ ጉድለት ይሆናል ብሎ መሳቢያ ጥግ ማስቀመጥ። ከሚዱ በኋላ አንድ ቀን 350 ብር ጎደለብኝና ሳልሞላው ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩት፣ አሠሪዬ ጋሼ ትንሽ ተቆጡ፣ በማግስቱ ግን ሁለቴ የተመዘገበ ደረሰኝ ተገኘ። ከኪሴ ብሞላው ኖሮ ማንም አይፈልገውም ነበር።

ፈተና ክፍል ውስጥ ያለው ሕግ ያው የታወቀው ነው፣ መታወቂያ፣ ስልክ ተዘግቶ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ፣ በስልክ ካልኩሌተር መጠቀም አይቻልም፣ ተራ ካልኩሌተር ይዛችሁ ግቡ፣ ከጎን መዋስ አይፈቀድም። አንድ የምትጠነቀቁት ነገር በእርሳስ የተሰራ መልስ ላይ ቅሬታ አይቀበሉም፣ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ከተሳሳታችሁ አንድ መስመር አስምራችሁ አጠገቡ ጻፉ፣ መዝገብ ላይም እኮ አይፋቅም። አጤሬራ ይዞ የተገኘ አንድ ልጅ ነበር፣ ወረቀቱን ተቀብለው እዛው አስፈረሙት፣ ኤፍ ሆነበት። ማንም አልጮኸበትም፣ ስሙም ክፍል ውስጥ አልተነሳም፣ ይሄን አክብሬዋለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የግሩፕ አሳይመንት አምስት ሆነን ነው የሰራነው፣ የአንድ ሱቅ ሙሉ ሳይክል ከጆርናል እስከ ክሎዚንግ፣ ሦስት እሁድ ፈጅቶብናል፣ ወርክሺቱን በኤክሴል የሰራሁት እኔ ነኝ። ከመሃላችን አንዱ ፋይሉን ለሌላ ግሩፕ ላከላቸው፣ እነሱ ስም ብቻ ቀይረው አስገቡት፣ እኔ የጻፍኩት የፊደል ስህተት ሳይቀር አለ። ሕጉ ኮፒ ያደረገውም የሰጠውም ዜሮ ይላል፣ ግሩፕ ደሞ በጋራ ተጠያቂ ነው ይላል። አምስታችንም ከ10 ዜሮ። የላከው ልጅ እኔ ብቻዬን ነኝ የላክሁት ብሎ ፈርሞ ሰጥቷል፣ ቴሌግራም ላይ የላከበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር አሳይቷል። በሳምንት ውስጥ ማመልከት ይቻላል ስለሚል አመለከትኩ፣ መምህሩ ቁጭ ብለው አዳመጡኝ፣ አምንሻለሁ ግን ይሄን እኔ መለወጥ አልችልም ዲፓርትመንት ሂጂ አሉኝ። የዲፓርትመንቷ ኃላፊም በአክብሮት ነው ያናገሩኝ፣ መልሱ ግን በጋራ ፈርማችኋል ነው። 73 ይዤ ቢ ሆንኩ፣ የግሩፑ 8 እንኳ ቢሰጠኝ 81 ነበር፣ ኤ ማይነስ ነበር። ቢ 3 ነጥብ ነው፣ ኤ ማይነስ 3.75 ነው፣ ልዩነቱ በ3 ክሬዲት አወር ሲባዛ ቀላል አይደለም።

እኔ ሕጉ ይነሳ አላልኩም፣ ፋይል እንደ ሎሚ ሲወራወር አይቻለሁ። ግን ማን እንዳደረገው በማስረጃ ከታወቀ በኋላ ያልሰሩትን አብሮ መቅጣት ልክ አይደለም። ለወርክሺት አንድ ስህተት አንዴ ብቻ ይቀጣል የሚል ኮርስ ሰው ላይ ሲመጣ የአንዱን ስህተት አምስቴ ቀጣ፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው አቴንዳንስ ነው። 85 በመቶ ካልተገኘህ ፋይናል አትቀመጥም። በሳምንት ሁለት ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 1:30 ነው፣ በ16 ሳምንት 32 ክፍለ ጊዜ፣ ስለዚ መቅረት የምትችሉት 4 ቀን ነው፣ 15 ደቂቃ ካለፈ ደሞ እንደቀራችሁ ይቆጠራል። ከመርካቶ መደብር ዘግቶ ለሚመጣ ሰው ዝናብ በጣለ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከሁሉም የከነከነኝ ግን ፋይናሉ የሚወድቀው ሰኔ መጨረሻ መሆኑ ነው። የአብዛኛው መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ቆጠራ አለ፣ የማታ አካውንቲንግ ክፍል የሚቀመጠው ደሞ አብዛኛው ሒሳብ ክፍል የሚሰራ ሰው ነው። ከኛ ክፍል ሁለት ሰው ቆጠራ ላይ ሆነው ፋይናል አመለጣቸው፣ ሜክአፕ የሚሰጠው ለሕመምና ለሐዘን ብቻ ነው ተባሉ። ይሄን ከማንም በፊት ሊያውቅ የሚገባው የአካውንቲንግ ዲፓርትመንት ነበር፣ ፈተናውን ሰኔ 15 አካባቢ ማድረግ ይቻላል።

መምህሩ ማርክ ላይ ይሰስታሉ የሚሉ አሉ፣ በነሱ አልስማማም። ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ፣ 50 ካላመጣችሁ አራት ዓመት የተማራችሁት ዲግሪ አይሰጣችሁም፣ እዛ ጋ ማንም በራሷ ቁጥር ትክክል ነው አይላችሁም ምርጫ ነው። በስጦታ ማርክ ያለፈ ሰው እዛ ላይ ነው የሚጎዳው።

ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለግሩፑ ሕግና ለሰኔው ፈተና ነው። የትም ብትመዘገቡ ከመክፈላችሁ በፊት ኮርስ አውትላይኑን አምጡ በሉ፣ ካላሳዩዋችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ። ግሩፕ ስትገቡም ማን የቱን ክፍል እንደሰራ በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙና ከአሳይመንቱ ጋር አያይዛችሁ አስገቡ፣ መምህሩን ጠይቄ እቀበላለሁ ብለውኛል። እኔ ፕሪንሲፕልስ 2ን ጥቅምት ላይ እሳቸው ጋ ነው የምወስደው፣ ሰኞና ረቡዕ ነው፣ ጋሼም በነዚህ ሁለት ቀን 11 ሰዓት ላይ እንድወጣ ፈቅደውልኛል።