ያረጀ ሶፍትነር ሲተካ፦ ቫልቩ፣ ሬዚኑና የጨው መጠኑ

ሶፍትነር ጠንካራ ውሃን የሚያለሰልስ ማሽን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሬዚን፣ ማለትም ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብል፣ ጥንካሬውን ይይዛል፤ ሲሞላ ከበርሜሉ በሚመጣ የጨው ውሃ ይታጠባል፣ ይህም እድሳት ይባላል። የውሃውን መንገድ እየቀያየረ እድሳቱን የሚያካሂደው ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው ቫልቭ ነው። የሶፍትነር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው እንደ 32,000 ወይም 48,000 ያለ ቁጥር ነው። መለኪያው ግሬይን ይባላል፤ አንዱ 64.8 ሚሊግራም ነው። 32,000 ግሬይን ማለት ማሽኑ ከአንድ እድሳት እስከሚቀጥለው ድረስ ውሃውን ጠንካራ የሚያደርጉትን ካልሲየምና ማግኒዚየም በካልሲየም ካርቦኔት ስሌት 2 ኪሎ ያህል ይይዛል ማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚደረስበት ግን ሬዚኑ በእያንዳንዱ እድሳት ጨው እስኪጠግብ ሲጠጣ ነው። ማሽኑን በዚያ ቁጥር አስተካክሎ የሚጠቀም ቤት ብዙ ጨው በከንቱ ወደ ፍሳሽ ይልካል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ውስጡ ስንት ሊትር ሬዚን አለ?» ብላችሁ ነው። ይህን መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። 28 ሊትር ሬዚን በ6.8 ኪሎ ጨው ሲታደስ 30,000 ግሬይን ገደማ ይሠራል። በ2.7 ኪሎ ሲታደስ 20,000 ይሠራል። ጨው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፣ ሥራው የቀነሰው ግን ሲሶውን ብቻ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ 150 ሊትር ቢጠቀም በቀን 600 ሊትር ነው። የውሃው ጥንካሬ በሊትር 300 ሚሊግራም ከሆነ ማሽኑ በየቀኑ 180 ግራም ይይዛል። የአንድ ቀን መጠባበቂያ ተቀንሶ በ2.7 ኪሎ ጨው በየ6 ቀኑ፣ በ6.8 ኪሎ በየ10 ቀኑ ግድም ይታደሳል። ዓመቱ ሲደመር የመጀመሪያው 160 ኪሎ፣ ሁለተኛው 250 ኪሎ ጨው ይበላል። ያው ሬዚን፣ ያው ቤት፣ የ90 ኪሎ ልዩነት። ብዛት ያለው ሬዚን ገዝቶ በትንሽ ጨው ማሠራት ብዙ ጊዜ ያዋጣል የምንለው ለዚህ ነው። ከትንሽ ጨው ጋር የሚመጣው ዋጋ ጥቂት ጥንካሬ ማምለጡ ነው፤ ለቦይለርና ለልብስ ማጠቢያ ችግር አይሆንም። ውሃው እጅግ ጠንካራ ከሆነ ግን ጨው ውሃው ከታች ወደ ላይ ሬዚኑን የሚያልፍበትን ዓይነት ምረጡ። እንዲህ ያለው የታችኛውን ሬዚን ከሁሉ በተሻለ ስለሚያጥበውና ውሃው መጨረሻ የሚነካው እሱን ስለሆነ፣ በትንሽ ጨውም የሚያመልጠው ጥንካሬ ዝቅ ይላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጥንካሬው በትክክል ከተለካ ነው። የወረቀት መለኪያ ግምት ይሰጣል እንጂ ማሽን አይገዛበትም። ጥቂት ውሃ ላይ ጠብታ እየቆጠሩ ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ እስኪዞር የሚጨምሩበት ኪት ርካሽ ነው፣ ለዓመታትም ያገለግላል። እስከ 60 ሚሊግራም በሊትር ለስላሳ ነው፣ ሶፍትነር አያስፈልገውም። ከ120 በላይ ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ብረት ያለበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ብረት ቢያንስ 70 ሚሊግራም ጥንካሬ ጨምራችሁ አስሉ። ብረቱ ከ2 ሚሊግራም ካለፈ ደግሞ ከሶፍትነሩ በፊት የብረት ማጣሪያ አስገቡ፤ አለዚያ አዲሱ ሬዚን በአጭር ጊዜ ዝገት ለብሶ ሥራ ያቆማል።

አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት መሞቱን አረጋግጡ። «ማሽኑ ተበላሸ» ከሚባሉት ብዙዎቹ የሚድኑት በአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በርሜሉ ውስጥ ጨው አልቀነሰም? የመጥረጊያ እንጨት ወደ ታች ግፉ። አንዳንዴ ጨው እንደ ጣሪያ ተጋግሮ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፤ ቀስ ብላችሁ ሰባብሩት፣ የበርሜሉን ወለል ግን አትውጉ። ጨው ካልተጋገረ እድሳቱን በእጅ አስጀምሩና ጨው ውሃ የሚስብበት ደረጃ ላይ ሲደርስ የበርሜሉን የውሃ ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ውሃው በግልጽ ካልወረደ ወይ ኢንጀክተሩ (የጨው ውሃውን የሚስበው የቫልቩ ክፍል) ተደፍኗል፣ ወይ ማፍሰሻው ቱቦ ታጥፏል፣ ወይ የጨው ውሃው ቱቦ አየር እየሳበ ነው። የኢንጀክተሩ ቀዳዳ የመርፌ ያህል ጠባብ ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች። በብረት መርፌ አትጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ከሰፋ መሳቡን ያጣል። በውሃ ግፊት ወይም በቀጭን እንጨት ይጸዳል፤ አጠገቡ ያለችውንም ወንፊት አትርሱ።

ማፍሰሻው ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ የፒስተኑ (ቫልቩ ውስጥ የሚንሸራተተው ዘንግ) የጎማ ማሸጊያዎች አልቀዋል፤ ይህም በመለዋወጫ ይድናል። የሻወሩ ወንፊት ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ጥቃቅን እንክብሎች ካገኛችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ ከታች ያለው ወንፊት ተሰብሯል። ያኔ ሬዚኑ ሁሉ መውጣቱ ስለማይቀር አዲስ ሬዚን ማስገባቱ ይሻላል። የሬዚኑን ጤና ለማወቅ ጥቂት እንክብል በሁለት ጣት መሃል እሹ። ጤነኛው እንደ አሸዋ ጠንክሮ ይንከባለላል። በክሎሪን የተበላው ይጨፈለቅና ጣት ላይ ይሟልጫል፤ ተጣብቆ ስለሚጠቀጠቅም የቤቱ የውሃ ግፊት አብሮ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ካልረጠበና ካልተሰነጠቀ፣ ለቫልቩም መለዋወጫ ከተገኘ፣ ሬዚኑንና ማሸጊያዎቹን መቀየር ይበቃል። የሲሊንደሩ አፍ የተለመደው የ2.5 ኢንች ጥርስ ከሆነ ቫልቩን ብቻ ለይቶ መተካትም ይቻላል።

መተካቱ ከተወሰነ ገንዘቡ ቫልቩ ላይ ይዋል። ሲሊንደር ሲሊንደር ነው፤ ለዓመታት የሚንቀሳቀሰውና የሚበላሸው ቫልቩ ነው። በሰዓት ብቻ የሚሠራውን፣ ቤቱ ባዶ ቢሆንም በየሦስት ቀኑ የሚታደሰውን፣ ምንም ያህል ቢረክስ አንመክርም። ቆጣሪ ያለው፣ ያለፈውን ሊትር ቆጥሮ የሚታደስ ይሁን።

ቆጣሪ ካላቸው ቫልቮች ውስጥ ፍሌክ 5600 ኤስኤክስቲ ለብዙ ቤት በቂ ነው። በ1 ባር የግፊት ኪሳራ በደቂቃ 76 ሊትር ያህል ያሳልፋል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ቅንብሩ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም፤ ሰዓቱም ለ48 ሰዓት ይቆያል። መለዋወጫው በየቦታው ይሸጣል፣ አሠራሩንም የማያውቅ ገጣሚ የለም ማለት ይቻላል። ድክመቱ ጥገናው ላይ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ማሸጊያዎቹና በመካከላቸው ያሉት ቀለበቶች አንድ በአንድ ነው የሚወጡት፣ አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። ያለ መሳቢያውና መክተቻው መሣሪያ ከሠራችሁ አንዱ ማሸጊያ ተጣሞ ይገባል፤ በማግስቱም ማፍሰሻው ይንጠባጠባል። ሌላው ገደቡ ለኋልዮሽ ማጠቢያ (ውሃ ከታች ወደ ላይ ሬዚኑን ለሚያጥብበት ደረጃ) የሚያሳልፈው በደቂቃ 26 ሊትር ስለሆነ ከ12 ኢንች በላይ ስፋት ላለው ሲሊንደር አለመሆኑ ነው።

ክላክ ደብሊውኤስ1 በዚህ ይበልጠዋል። ማሸጊያዎቹና ቀለበቶቹ እንደ አንድ ቁራጭ ተያይዘው በእጅ ተስበው ይወጣሉ፤ ሽፋኑም በመፍቻ ብዛት አያደክምም። በተመሳሳይ ግፊት በደቂቃ 102 ሊትር ያሳልፋል፣ ሰፊ ሲሊንደርም ያጥባል። የበርሜሉን ውሃ ከእድሳቱ በፊት ሞልቶ ጨው እንዲሟሟ መጠበቅም ይችላል። ስለዚህ በሌላው ጊዜ ጨው ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል፣ መጋገሩም ይቀንሳል። ነገር ግን በብዛት የሚሸጠው በገጣሚ በኩል ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫውን ማን እንደሚያቀርብላችሁ እወቁ። ሁለቱ በቅርብ ከተገኙና በራሳችሁ የምትጠግኑ ከሆነ ምርጫችን ክላክ ነው። ጠጋኝ የምትጠሩ ከሆነ ጠጋኙ የለመደውን ግዙ።

በርሜሉና ሲሊንደሩ በአንድ ሣጥን የታሸጉት ትንንሾቹ ቦታ ለጠበበበት ቤት ይመቻሉ። ሬዚናቸው ግን ብዙ ጊዜ ከ15 ሊትር አይበልጥም፤ ሁለት ሻወር በአንድ ጊዜ ሲከፈት ጥንካሬው ያመልጣል። እንደ መነሻ፣ 1 ሊትር ሬዚን በተከታታይ በሰዓት ከ40 ሊትር በላይ ባይጫን ጥሩ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ይችላል። ያለ ኤሌክትሪክ በውሃው ግፊት ብቻ የሚሠሩት፣ እንደ ኪኔቲኮ ያሉት ባለ ሁለት ሲሊንደሮች፣ አንዱ ሲታደስ ሌላው ስለሚያገለግል ለስላሳ ውሃ አያቋርጡም፣ መጠባበቂያም አያባክኑም። መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፣ ዕቃቸውም የሚገኘው ከራሳቸው ወኪል ነው።

«ያለ ጨው የሚያለሰልስ» ተብሎ የሚሸጠው ሶፍትነር አይደለም። ጥሩው ዓይነት ካልሲየሙ ዕቃ ላይ መጣበቁን ይቀንሳል እንጂ ከውሃው አያወጣውም፤ የጠብታው መለኪያ ከፊቱም ከኋላውም አንድ ቁጥር ያሳያል፣ ሳሙናውም ከበፊቱ የተሻለ አይረፋም። ቧንቧ ላይ የሚጠመጠም ማግኔት ላይ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ሬዚኑን በተመለከተ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ከሆነ ባለ 10 ከመቶ ትስስሩን (እንክብሉን አጥብቆ የሚያስተሳስረው ንጥረ ነገር 10 ከመቶ የሆነውን) ጠይቁ። ከተለመደው ባለ 8 ከመቶ በጥቂቱ ይወደዳል፣ ክሎሪንን ግን ለረጅም ጊዜ ይቋቋማል። ክሎሪን ለሌለው የጉድጓድ ውሃ ባለ 8ቱ ይበቃል።

ሲገጠም የሚሳሳቱበት ነገር የታወቀ ነው። በሲሊንደሩ መሃል የሚቆመው ቱቦ ከአፉ እኩል መቆረጥ አለበት፤ ከፍ ካለ ቫልቩን ይሰብረዋል፣ በጣም ካጠረ ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) አይይዘውም። ሬዚን ከማፍሰሳችሁ በፊት የቱቦውን አፍ በፕላስተር ሸፍኑ። ሲሊንደሩን እስከ አፉ አትሙሉ፤ ከላይ ሲሶ ያህል ባዶ ይቅር፣ ሬዚኑ ሲታጠብ የሚንሳፈፈው እዚያ ነው። ኦሪንጎችን የምትቀቡት የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው፤ ቫዝሊን ጎማውን ያሳብጠዋል። ማፍሰሻው ቱቦ ፍሳሹ ውስጥ አይነከር። በጫፉና በፍሳሹ መሃል የአየር ክፍተት ከሌለ ግፊት ሲወርድ ቆሻሻ ወደ ቤት ውሃ ይሳባል። የቤቱ ቧንቧ ብረት ከሆነና የኤሌክትሪኩ የመሬት መስመር በእሱ የሚያልፍ ከሆነ የፕላስቲኩ ቫልቭ መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ከመግቢያው ወደ መውጫው የመዳብ ሽቦ በማሰሪያ አገናኙ። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይ ስለሆነ «በኋላ» አይባልም።

የማብሰያና የመጠጥ ቧንቧውን ከሶፍትነሩ በፊት ለዩ። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊግራም የተወገደ ጥንካሬ 46 ሚሊግራም ሶዲየም ወደ ውሃው ይገባል። በ300 ጥንካሬ 138 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ጨው ለተከለከለ ሰው ብዙ ነው። የአትክልት ቧንቧም እንዲሁ ይለይ።

ቅንብሩ ላይ የጨው መጠን የሚወሰነው በመሙያው ደቂቃ፣ ማለትም በርሜሉ ውሃ በሚሞላበት ጊዜ ነው። 1 ሊትር ውሃ 360 ግራም ያህል ጨው ያሟሟል። መሙያው በደቂቃ 1.9 ሊትር የሚያሳልፍ ከሆነ በደቂቃ 680 ግራም ጨው ማለት ነው፤ ለ2.7 ኪሎ 4 ደቂቃ ይበቃል። አቅሙንም በዚያው ልክ 20,000 አድርጉ። ጨውን ቀንሶ አቅሙን 32,000 ላይ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ ማሽኑ ሳይታደስ የሬዚኑ አቅም ያልቃል፣ የእድሳቱ ቀን እስኪደርስ ቤቱ በጠንካራ ውሃ ይቆያል።

መጀመሪያ ውሃ ስትለቁ ባይፓሱን (ውሃውን በማሽኑ ወይም ከማሽኑ ውጭ የሚያሳልፈውን መዞሪያ) ወደ ማሽኑ በሩብ ብቻ ክፈቱ፤ አየሩ ቀስ ብሎ ካልወጣ ሬዚኑን ወደ ማፍሰሻው ይገፋዋል። አንድ ሙሉ እድሳት ካለቀ በኋላ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ለኩ፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሰማያዊ ማድረግ አለበት። ሙቁን አትለኩ፣ ቦይለሩ ውስጥ አሮጌው ውሃ ለጥቂት ቀን ይቆያል። ቀዝቃዛው ጥንካሬ ካሳየ በቅድሚያ ባይፓሱ እስከ መጨረሻው መዞሩን፣ ቀጥሎ የመሃሉ ቱቦ ኦሪንግ መቀመጡን ፈትሹ።