የጎበጠ የቤት ፑል ጠረጴዛ፦ ሰሌዳውን መደገፍ ወይስ ድንጋይ ማስገባት?

ኳሱ በቀስታ ሲገፋ ወደ መሃል የሚያዘነብል ከሆነ ጨርቅ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የጎበጠው ከሥር ያለው ሰሌዳ ነው።

ርካሹ መንገድ ድጋፍ ነው። ጨርቁና ጎኖቹ ይፈታሉ፣ ከሰሌዳው ሥር በየ40 ሳንቲ ሜትሩ 5 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተሸካሚ እንጨት በአግድም ይገባል። ሰሌዳው 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብሎኑ ከ18 በላይ አይግባበት፤ ጫፉ ወጥቶ ጨርቁን ይበሳዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በፍጹም አይሁን! በድሬዳዋ ሙቀት እየደረቀ ሲሄድ ይጣመምና ሰሌዳውንም ይዞት ይጣመማል። በያጅ ጋ ሄዶ ተሸካሚውን በአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለአራት ማዕዘን) ብረት ማሠራት ይሻላል። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ የቺፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የተሠራ) ሰሌዳ ግን በድጋፍ አይመለስም፣ በአዲስ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ጭረት የተሠራ ሰሌዳ) ይተካል።

ሁለተኛው መንገድ ሰሌዳውን በጠፍጣፋ ድንጋይ መተካት ነው። ድንጋይ በሙቀት አይጣመምም፣ ኳሱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ክብደቱ ነው ጣጣው፦ ለባለ 7 ጫማ ፑል 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ከ100 ኪሎ ያልፋል። ቀጫጭን እግር አይችለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬሙ እንደ አዲስ ይሠራል። ጨርቁም በስቴፕል ሳይሆን በማጣበቂያ ይያዛል። ፍሬሙ ደካማ ለሆነ ፑል ምርጫችን ድጋፉ ነው።

በሁለቱም የሚረሳው ኳሱ የሚነጥርበት የጎኖቹ ላስቲክ ከፍታ ነው። ለ57 ሚሊ ሜትር ኳስ የላስቲኩ ጫፍ ከጨርቁ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ጎኖቹ ከፍሬሙ ጋር የታሰሩ ከሆነ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው ሰሌዳ ወይም ድንጋይ በወፈረ ልክ ላስቲኩ ዝቅ ይላል፣ ኳሱም እየዘለለ ይወጣል።