ምንጣፍ ቤት ውስጥ ለማጠብ፦ ብሩሽ፣ ቫኪዩም፣ ማጠቢያ ማሽን ወይስ እንፋሎት?

ድሬ ላይ ምንጣፍ የሚጨርሰው አሸዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ መስኮቱን የዘጋውም ያልዘጋውም ቤት አቧራ ይለብሳል። አሸዋው ደግሞ ከላይ አይቀመጥም። ክሩ ሥር ይገባና በተረገጠ ቁጥር ክሩን ይበላዋል። ውሃ ሲያገኘው ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልብ በሉ፦ ደረቁን አቧራ የማያወጣ መሣሪያ ለእኛ ከተማ የሚሠራው ግማሽ ሥራ ነው።

ርካሹ አማራጭ ብሩሽና ባልዲ ነው። ሲሚንቶ የተደረገ ግቢና ጉልበት ላለው ሰው ምንም አይልም። መጀመሪያ ምንጣፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን በዱላ ምቱት። አጥር ላይ ሰቅላችሁም ድገሙት። የሚወርደው አሸዋ ያስደነግጣል። ከዚያ ነው ውሃ የሚነካው። አስቸጋሪው ማለቅለቁ ነው። የድሬ ውሃ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይነግራችኋል። በእንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና ቶሎ አይለቅም። ክሩ ላይ የቀረ ሳሙና ደግሞ አቧራ ይስባል። «ባጠብኩት በሳምንቱ ቆሸሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ኦሞውን ቀንሱት። የመጨረሻው ባልዲ ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሩበት፤ ሳሙናውን ያስለቅቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ይህ መንገድ ይከብዳል። ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ምንጣፍ ብዙ ጀሪካን ይጨርሳል፤ ከራሰ በኋላም ለሁለት ሰው እንኳ አይነሳም።

እኔ ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ውሃም አቧራም የሚስበውን ቫኪዩም ነው። በርሜል የሚመስለው፣ ጎማ ያለው፣ ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዘው። ለምን ብትሉኝ፣ አሸዋውንም ውሃውንም በአንድ መሣሪያ ስለሚያወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በደረቁ ቀስ እያላችሁ፣ መጀመሪያ በቁመቱ ቀጥሎ በወርዱ ሳቡ። መቸኮል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ከዚያ የወረቀት ማጣሪያውንና ከረጢቱን አውጡ፣ የስፖንጁን ማጣሪያ ግጠሙ። ትንሽ ቦታ በሳሙና ውሃ በብሩሽ አሹ፣ ወዲያው ሳቡ። ንጹህ ውሃ እርጩ፣ እንደገና ሳቡ። በርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጥቁር ውሃ ስታዩ ለምን እንደምወደው ይገባችኋል። ልዩ ፈሳሽ አይፈልግም። ክረምት ላይ ጎርፍ ቤት ሲገባም ያገለግላል። ድምፁ ይረብሻል፤ ተንበርክኮ ማሸቱም አይቀርም። ይህን ችላችሁ ግዙት።

ምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን የሚባለው ራሱ ይረጫል፣ ራሱ ይቦርሻል፣ ራሱ መልሶ ይስባል። ወገብ አያሳምምም፣ ውሃም ይቆጥባል። ትልቁ 4 ወይም 5 ሊትር ገደማ የሚይዝ ጋን አለው። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ደግሞ ለመጅሊስ ተስማሚ ነው፤ በርጫ (ጫት መቃሚያ ሰዓት) ላይ የፈሰሰውን ሻይና ለስላሳ ከፍራሹ ላይ ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል። ሆኖም ከዋጋው ውድነት በላይ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ አረፋው አነስተኛ የሆነ የራሱ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ኦሞ ብትጨምሩበት አረፋው ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ ድሬ ውስጥ በቋሚነት እንደሚገኝ ሳታረጋግጡ አትግዙ። ሁለተኛ፣ ደረቅ አሸዋ ለማውጣት አልተሠራም። ቀድሞ በቫኪዩም ያልተሳበ ምንጣፍ ላይ ካስኬዳችሁት አፉ በጭቃ ይደፈናል። ስለዚህ ቫኪዩም ለሌለው ቤት ይህ ሁለተኛ ግዢ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

እንፋሎቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሽታና ተባይ ላይ ይሠራል፤ እድፍም ያላላል። ቆሻሻውን ግን አያወጣውም፣ እዚያው ያርሰዋል። ሱፍ ምንጣፍ ላይም አልደፍርም። ላቫጆ የሚልኩም አሉ። የመኪና ማጠቢያው ግፊት ከጀርባ ያለውን ሙጫ ሊያላቅቅ ስለሚችል፣ ከላካችሁ ውሃውን ከርቀት እንዲረጩት ንገሯቸው።

የቱንም ብትመርጡ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ እወቁ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ ከምንጣፉ ርቃችሁ አቃጥሉት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ብዙ ይችላል። ሱፍን ግን በረኪና ጭራሽ አታስነኩት፤ በረኪና ሱፍን ያሟሟዋል። ሙቅ ውሃና ኃይለኛ ኦሞም አይስማሙትም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሻምፖ፣ ብዙ ሳታረጥቡ እጠቡት።

ማድረቅ ላይ ድሬ ታድላለች። በማለዳ ከጀመራችሁ በዚያው ቀን ይደርቃል። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስጡት፣ ፀሐዩ ቀለሙን እንዳይመጠው። ንፋሱ ከመነሳቱ በፊትም አስገቡት። ሐረር ላላችሁ ግን ሒሳቡ ይለያል። ከተማዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዚያ የራሰ ምንጣፍ እንደ ድሬ አይደርቅም። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ እርጥብ ከቆየ ይሻግታል። ስለዚህ በግንብ ለታጠረው ለጁገል ቤት በብዙ ውሃ ማጠብን አልመክርም፤ በደንብ የሚስብ ነገር ግዙ። ነደባ (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ የተነጠፈውንም እዚያው አትጠቡት፣ አንሱት።

ሱቅ ስትገቡ ዋቱን ብቻ አትዩ። 1,400 ዋት የሚወስድ ማሽን በ220 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ይስባል፤ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከሰካችሁት ገመዱ ይግላል። መለዋወጫ ማጣሪያ አብሮ እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ ባልዲ ውሃ አስመጡና እዚያው ማሽኑን ሰክተው ውሃውን እንዲስቡበት አድርጉ። ባለሱቁ እሺ ካላለ ሌላ ሱቅ አለ።