ምስሉ ስለጠራ ብቻ ለዲሽ ገጣሚ ሙሉ ሂሳብ እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ ዲሽ ልታስተክሉ ካሰባችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ላይ የደረሰው ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ከገጣሚው ጋር የተስማማነው በጥቅል ዋጋ ነበር። ዲሹ፣ ኬብሉ፣ ግራውንዱ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ)፣ የእጅ ዋጋው፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ሰውየው መጣ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምስሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔም ከፍዬ ሸኘሁት። ሥራውን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ አደረ። ጠዋት በሩን ከፍቼ ስወጣ ዲሹ ከግድግዳው ተነቅሎ በኬብሉ ብቻ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ልጆቼ የሚወጡበት የሚገቡበት በር ነው። ያን ጊዜ ክው ነው ያልኩት።

መሰላል አቁሜ ቀዳዳዎቹን አየኋቸው። ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ አጥብቀው የሚይዙት የፕላስቲክ ፊሸሮች ከነብሎናቸው ወጥተዋል። ላያቸው ላይ የቀረው ነጭ ዱቄት ብቻ ነው፤ የልስን ዱቄት። ድሪሉ ከልስኑ ብዙም አላለፈም ማለት ነው። ልስን ደግሞ ዲሽ አይሸከምም። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ዲሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመታው፣ የሚያርፍበት ግፊት ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ቀላል ዕቃ ነው፣ ይሄ ይበቃዋል» ሲሏችሁ አትስሙ። ሲበሳ አጠገቡ ቁሙ። ከቀዳዳው የሚወጣው የልስን ዱቄት ብቻ ከሆነ አስቁሙት። ጠንካራው ግድግዳ ውስጥ በደንብ የሚገባ የብረት ብሎን ይጠቀም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ከዲሹ ወደ ታች የሚወርድ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነበር። ግራውንድ ብሎ ያስከፈለኝ እሱን ነው። ሽቦውን ተከትዬ እስከ መሬት ወረድኩ። አፈሩ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ገብቷል። ሳብ ሳደርገው ያለምንም ትግል እጄ ላይ ቀረ። መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ የለም፣ ማሰሪያ የለም፣ የተቆረጠ ጫፍ ብቻ። በጣም ተናደድኩ። ለብ ለብ ሥራ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ግን ማታለል ነው።

ግራውንድ የሚባለው የዲሹ ብረትና ከኬብሉ ላስቲክ ሥር ያለው የሽቦ መረብ ከሕንፃው የመሬት መስመር ጋር በወፍራም ሽቦ ሲያያዙ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከአንቴናው ወደ መሬት ለሚወርደው የመዳብ ሽቦ ቢያንስ 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። የእኔው የስልክ ሽቦ ያክል ነበር። ለብቻው ዘንግ ቀብሮ ከሕንፃው መስመር ጋር ሳያገናኝ የሚሄድም አለና ይህንንም ጠይቁ። በትክክል ቢሠራም እንኳ በቀጥታ ከሚወርድ መብረቅ ሪሲቨራችሁን ያድነዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይጀምር፣ የመብራቱንም የዲሹንም ኬብል ንቀሉ።

ስለ ኤሌክትሪክ መስመር አንድ ነገር ልበል፤ ይሄ ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ዲሹ ወይም መስቀያው ብረት ወደየትም አቅጣጫ ቢወድቅ የመብራት ሽቦ የማይነካበት ቦታ ይሁን። መሰላሉም እንደዚያው። ገጣሚው «እጠነቀቃለሁ» ቢል እንኳ እሺ አትበሉት። እሱም የሰው ልጅ ነው።

ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ያኔ የዝናቡ ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም። ውጭ ያሉት ማያያዣዎችም ውኃ በማያስገባ ነገር ይሸፈኑ።

ክፍያውን ከፋፍሉት። የመጨረሻውን የምትከፍሉት መስቀያውን በእጃችሁ ገፍታችሁ አለመነቃነቁን ካያችሁ፣ ገጣሚውም የግራውንዱ ሽቦ ጫፍ የት እንደታሰረ ካሳያችሁ በኋላ ይሁን። ጣሪያ ላይ ከሆነ እናንተ አትውጡ፤ በስልኩ ከቅርብ ፎቶ አንስቶ ያሳያችሁ።

ደውዬለት ነበር። «ዋስትናው ለሪሲቨሩ ብቻ ነው» አለኝ። የዋስትና ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው እውነትም ስለ ተከላው አንድ መስመር የለም። ስትስማሙ «ቢወድቅ መጥተህ በነፃ ትሠራለህ ወይ?» በሉት። መልሱን እዚያው ወረቀቱ ላይ ጽፎ ይፈርምላችሁ።