ለወገቤ ሄጄ ስለ ጠባዬ የተጠየቅኩበት የደሴ ክሊኒክ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። ከምስጋናዬ ጋር አንድ ወቀሳ ስላለኝ ስሙን አልጽፍም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰኞ ገበያ አጠገብ በእግር በሚረገጥ ማሽን ላይ ሃያ ዓመት ጎብጫለሁ፤ ወገቤ ክፉኛ የያዘኝ ግን በጥቅምት 2014 ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የማሽኑን ራስ ከጠረጴዛው ፈትቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በጀርባዬ አዝዬ፣ እናቴን በእጄ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንመለስ ማሽኑ ሠራ፤ ወገቤ አልሠራም።

ወጌሻ አሸኝ። እናቴ ወዳጃ አስደረገች፤ ቡናው ተፈላ፣ ዱአው ተደረገ፣ ያን ሌሊት ተኛሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እንደ ቆሎ ስቅም ጨጓራዬ ተቃጠለ። ራጅ ተነሣሁና «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልኩ። ታምሞ ደህና ነህ መባልን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሰውየው ውሸታም ያለኝ ያህል ተናድጄ ወጣሁ።

ወደ ክሊኒኩ ልምጣ። ወገብ የሚያክም ቤት ሊፍት በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መክፈት የማን ሐሳብ እንደሆነ አላውቅም። ደረጃውን ጨርሳችሁ ስትደርሱ የምትቀመጡበት አግዳሚ ደግሞ መደገፊያ የለውም። ካርድ 300 ብር፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ 500 ብር ከፍያለሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሁለት እንቅስቃሴ አሳይቶኝ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከማሽኑ እንድነሣ አዝዞኝ፣ ወደ ጎረቤት ክፍል መራኝ። በሩ ላይ «የሥነ ልቦና ምክር» ይላል። «እብድ ነው የምመስለው?» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም።

ውስጥ ያለችው ከእህቴ ልጅ የምታንስ ናት። «ዶክተር» ስላት «ዶክተር አይደለሁም፣ ጋሼ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» አለች። እዚህ ላይ ልቤ ገባች። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም እንደሚባል፣ የተጎዳው ሥጋ ድኖ እንኳ ነርቩ ማስጠንቀቂያውን ሊቀጥል እንደሚችል አስረዳችኝ። ስጋት ጡንቻን ይወጥራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ ይብስበታል፤ የባሰው ሕመም ደግሞ መልሶ እንቅልፍ ይነሳል። በእኛ ሙያ አሰብኩት። ክር እየደጋገመ ሲበጠስ ጀማሪ ሰፊ ጨርቁን ይወቅሳል። ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ ማጥበቂያው ብሎን ከልኩ በላይ ዞሮ ነው።

ቀጥላ ስለ ቁጣዬ ጠየቀችኝ። ከደንበኛ ጋር መጣላቴን፣ ወዳጅ ሁለት ቀን ካልደወለ ጠላት ማድረጌን ነገርኳት። ጦርነቱ ነው ያመጣብኝ አልኳት። ሊሆን ይችላል ብላ አላለፈችም፤ አዎም አይደለምም ሳትል «ከ2014 በፊትስ እንዴት ነበሩ?» አለች። ምክንያቷን ኋላ ነገረችኝ፦ በዚያ ሰሞን በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ፣ በትንሽ ነገር የማይገነፍል ማን ነበር? የስብዕና መዛባት ከወጣትነት ጀምሮ በቤትም በሥራም በወዳጅነትም የሚታይ የቆየ አካሄድ ስለሆነ፣ የክፉ ጊዜ ጠባይን አይቶ ብቻ ስም መስጠት ያሳስታል።

ታላቅ እህቴን ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። እህቴ ምን ትላለች መሰላችሁ? የልብ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ለትምህርት ሲሄድ የሰጠኝን ሸሚዝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከአንገቱ እስከ ወገቡ መቅደዴን አወራች። ማታውኑ በእጄ መስፋቴን ግን አልነገረቻትም። እኔ ነገርኳት። ባለሙያዋ ብዙ የጻፈችው ያኔ ነው።

በአራተኛው ቀጠሮ የጠባዬን ስም ነገረችኝ፤ «ቦርደርላይን» የሚባለው የስብዕና መዛባት፣ በሰው መተውን አጥብቆ የሚፈራ፣ ስሜቱ ቶሎ የሚገለባበጥ ዓይነት ነው። ይህ ያለባቸው ሰዎች ሥር የሰደደ ሕመም በርትቶ ይሰማቸዋል፤ የቅጽበቱን ሕመም ግን ብዙዎቹ ከሌላው በተሻለ ይችላሉ አለች። መርፌ ጣቴን ሲበሳው ዓይኔን አላርገበግብም፤ ሚስቴ ይህን እንደ ጀግንነት ነበር የምታወራልኝ። ጠባዩን ነቅሎ የሚጥል ክኒን እንደሌለም አልደበቀችኝም። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ማታ የምትዋጥ አነስተኛ አሚትሪፕቲሊን ለሕመሙና ለእንቅልፉ ናት፤ አፍ ታደርቃለች። ለጠባዩ ሥልጠና ነው፦ ቁጣ ሲነሣ ከመናገር በፊት ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር። የደሴን የጠዋት ውሃ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ይህን ሕክምና የቀመሩት ማርሻ ሊነሃን የተባሉ አሜሪካዊት፣ በወጣትነታቸው ራሳቸው በዚሁ ዓይነት ስቃይ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን ስሰማ ውሃውን ታገሥኩት። ዱአውን ልተው ስላትም «ለምን ይተዋሉ?» ነው ያለችኝ።

ወቀሳዬ ይኸውና። ስድስተኛው ቀጠሮ ላይ ደረጃውን ወጥቼ፣ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ቆይቼ፣ የካርድ ክፍሏ ልጅ «ጋሼ፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳለች እኮ» አለችኝ። ስልኬ በእጃቸው አለ፤ አልደወሉም። ለሌላ ታካሚ የትሕትና ጉድለት ይሆናል። መተውን በመፍራት የሚታመምን ሰው ሳይነግሩት መጥፋት ግን ቁስሉን መጫን ነው። ሦስት ቀን ወገቤ ተቆልፎ ተኛሁ፤ ከመተኛቴ በፊት ደግሞ የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ አሳጥሬ ቆረጥኩ። ጨርቁን ከኪሴ ተካሁ። ስትመለስ ሰበብ ሳትደረድር ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከእንግዲህ በዋዜማው እንደውላለን አሉ። ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ በሦስተኛው ረሱ።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ሁለቱ ባለሙያዎች አምስት ይገባቸዋል፤ ቀሪውን ደረጃውና ስልኩ በሉት። የምትሄዱ ከሆነ በዋዜማው ራሳችሁ ደውሉ፤ ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ ስትባሉ አትፈሩ። አሁን የማሽኑ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ፤ በፊት ከአንድ ሱሪ አላልፍም ነበር።

ከተበላሸው ኮት በተረፈ ጨርቅ ለአግዳሚያቸው ትራስ ሰፍቼ ወሰድኩላቸው። ባለፈው ማክሰኞ ስሄድ የካርድ ክፍሏ ልጅ ተቀምጣበታለች።