የልብ ምት የሚለካ ስስ ልጣፍ፦ በብርሃን የሚሠራው ወይስ በግፊት?

ሁለቱም እንደ ፕላስተር እጅ አንጓ ላይ ይለጠፋሉ፤ ልዩነታቸው ትርታውን የሚያነቡበት መንገድ ነው።

በብርሃን የሚሠራው፦ አብዛኛውን ጊዜ 530 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ይልካል፤ ደም ሲሞላ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ቦታው ትንሽ ቢዛነፍም ያነባል። መብራቱ ግን ባትሪ ይበላል። በጮቄ ተራራ ብርድ የቆዳ ደም ሥሮች ሲጠቡ ምልክቱ ይደክማል። ጠቆር ያለ ቆዳም አረንጓዴውን ብርሃን ይውጣል። የጎጃም እናቶች የእጅ ንቅሳትማ ጭራሽ ይጋርደዋል፤ ንቅሳት የሌለበት ቦታ ይፈለግ።

በግፊት የሚሠራው፦ ፒቪዲኤፍ የተባለው ስስ ፕላስቲክ ሲለጠጥ ራሱ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ኃይል የሚፈልገው ይህን ደካማ ቮልቴጅ የሚያጎላው ማጉያ ነው። የቆዳ ቀለምም ንቅሳትም አያግደውም፤ የትርታውን ሞገድ ቅርጽም አጥርቶ ያሳያል። ፈተናው አለጣጠፉ ላይ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለውን ትርታ በሁለት ጣት ፈልጎ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ ልክ እዚያው ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ልጣፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ የሚነበበው ምልክት ይደክማል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ደም ሥሩን ይጨፈልቃል።

ቀን ሙሉ ምቱን ብቻ መቁጠር ለሚፈልግ የብርሃኑ ይሻላል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ የሞገዱን ቅርጽ ለማየት ደግሞ የግፊቱ። እርፍ ጨብጦ በሚያርስ ሰው እጅ ላይ ግን የሁለቱም ንባብ አይታመንም።