ብራህሚ ለሚብሰለሰል አእምሮ፦ የ12 ሳምንት አጠቃቀምና ግምገማ

ሚያዝያና ግንቦት ባሕር ዳር ውስጥ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ወራት በመሆናቸው እንቅልፍ ለማንም ቀላል አይደለም፤ እኔን ግን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ሐሳቤ ነበር። መምህር ነኝ። የፈተና ወቅት ሲቃረብና የሚታረመው ወረቀት ሲከመር፣ ጋደም ባልኩ ቁጥር ቀን የተናገርኩት፣ መናገር ሲገባኝ ያለፍኩት፣ ነገ የምናገረው ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ይመጣና እስከ ሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ድረስ ዓይኔን አያስከድነኝም። ታምሜ አልነበረም፤ ሥራዬንም አልተውኩም፤ ቀልቤን የሚሰበስብልኝ ነገር ግን አጥብቄ እፈልግ ነበር። ለሕክምና ወደ ህንድ ሄደው የተመለሱት አጎቴ «ራስ ያቀዘቅዛል ይሉታል፤ እስቲ ሞክሪው» ብለው አንድ ባለ 100 ግራም የብራህሚ ዱቄት የሰጡኝ በዚህ ጊዜ ነው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሬ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ለ12 ሳምንታት የወሰድኩት ሲሆን፣ ያየሁትን መልካምም ሆነ ጉድለት ሳልሸሽግ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ብራህሚ በአዩርቬዳ፣ ማለትም በህንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት፣ አእምሮን ያረጋጋሉ፣ የማስታወስ ችሎታንም ያጠነክራሉ ከሚባሉት ዕፅዋት መካከል የታወቀው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ባኮፓ ሞኒየሪ ይባላል። መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ትንሽና ወፍራም፣ አበባው ነጣ ያለ ዕፅ ሲሆን የሚወደው ረግረግ ቦታንና የውኃ ዳርን ነው፤ የጣና ዳር ሰው ደንገል የሚበቅልበትን ዓይነት መሬት ቢያስብ አይሳሳትም። አዩርቬዳ አንድን ዕፅ በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል በሚለውም ይለየዋል፤ ብራህሚን ጣዕሙ መራራና አፍ የሚይዝ፣ ጠባዩ ቀዝቃዛ ብሎ ይመድበዋል። ይህ ቅዝቃዜ በቴርሞሜትር የሚለካው አይደለም፤ ትኩሳት የሚያወርድ መስሎት የሚገዛው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። የሚባለው የሚንቀለቀል ሐሳብን፣ ቁጣንና መጣደፍን ያበርዳል ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አነጋገር እንግዳ አለመሆኑ ገርሞኛል። እኛም ሐሳብ የበዛበትን ሰው «ይብሰለሰላል» እንላለን፤ ቃሉ ራሱ ከእሳት ላይ ካለ ድስት የመጣ ነው። ያዘነው «ልቡ ተቃጠለ»፣ የተጽናናው «አንጀቱ ራሰ» ይባላል። እናቴ ራሷን ሲያማት፣ ወይም ብዙ ለቅሶ ተቀምጣ ስትመለስ፣ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አድርጋ በሻሽ ታስራለች፤ ምክንያቱን ስትጠየቅም «ራሴን ያበርድልኛል» ትላለች። ህንዶችም ብራህሚ የተቀቀለበትን ዘይት አናት ይቀባሉ፤ ቅጠሉን ከንጥር ቅቤ ጋር አብስለው የሚሠሩት፣ ብራህሚ ግሪታ የሚሉት መድኃኒትም አላቸው።

አሁን ወደ አወሳሰዱ ልለፍ፤ የዚህ ዱቄት ጥቅምም ጉዳትም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነውና። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጬ ጠጣሁት። ምሬቱ ከግራዋ ለዘብ ይላል፤ ነገር ግን ምላስ ላይ የሚቆይ፣ ጭቃ ጭቃ የሚል ጣዕም ያለው ነው። ከምሬቱ የከፋው የሆዴ ነገር ነበር፤ አቅለሸለሸኝ፣ ቁርጠት ያዘኝ፣ በቀን ሦስት ጊዜም አስቀመጠኝ። ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፤ ባኮሳይድ የሚባሉት ዋና ንጥረ ነገሮቹ ከሳፖኒን ወገን፣ ማለትም በውኃ ሲመቱ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚያወጡት፣ በመሆናቸው ሆድን ይቆጣሉ። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወርኩት፤ ከእራት በኋላ ኮረሪማም ኮሰረትም ያልገባበት ግማሽ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አቅልጬ ዱቄቱን አዋህጄ፣ ለብ ባለ ወተት እወስደው ጀመር። ሆዴ በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሰ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ችግር አልገጠመኝም፤ የሰኔ ጾም ሲገባ ግን ቅቤውንና ወተቱን ትቼ ከእራት ጋር በማር ለውሼ ወስጄዋለሁ። በማር መዋጡ ይቀላል፤ ሆዴን ግን እንደ ቅቤው አልያዘልኝም።

ውጤቱን በተመለከተ መታገሥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም አላየሁም፤ የእንቅልፍ ክኒን ወስዶ እንደመተኛት ያለ ነገር የሚጠብቅ ሰው በዚህ ጊዜ ጥሎት እንደሚሄድ አልጠራጠርም። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ግን አንድ ለውጥ አስተዋልኩ። ሐሳቡ መምጣቱን አላቆመም፤ አንዱ ሐሳብ ሌላውን እየጎተተ ሰንሰለት መሥራቱን ግን ቀነሰ። የተማሪ ወረቀት ሳርም ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ስሻገር ልቤ ወደ ሌላ ሥራ እየሄደ ሦስት ጊዜ መልሼ የማነበው ነገር ቀረ። በስምንተኛው ሳምንት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ የምተኛበት ሌሊት ከማልተኛበት በለጠ። የማስታወስ ችሎታዬ ግን ተሻሻለ ብዬ አፌን ሞልቼ ለመናገር አልችልም።

ይህን ሁሉ ለብራህሚ ብቻ መስጠት ደግሞ ታማኝነት አይሆንም። በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ጋር የምጠጣውን ቡና ከበረካ ወደ አቦል ብቻ ቀንሼ ነበር። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ አምስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ በመሆኑ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚጠጣ የዘጌ ቡና አራት ሰዓት ላይ ገና ግማሽ ኃይሉ አለ ማለት ነው። በተጨማሪም ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መጥቶ ሌሊቱ ቀዘቀዘ፤ የፈተናው እርማትም ተጠናቀቀ። በማታ ቅቤ አቅልጦ፣ ዱቄት ለክቶ፣ ስልክን አስቀምጦ መቀመጥ ራሱ የቻለ ረፍት ነበር። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ብራህሚው ረድቶኛል ብዬ አምናለሁ፤ ምን ያህሉ የእርሱ፣ ምን ያህሉ የቡናውና የዝናቡ እንደሆነ ግን ለይቼ አላውቅም።

በዚህ ረገድ የእኔ ልምድ ብቻውን ስለማይበቃ ሌሎች ያገኙትንም መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 አውስትራሊያ ውስጥ በ46 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን 300 ሚሊግራም የባኮፓ ኤክስትራክት የወሰዱት መድኃኒቱን የሚመስል ባዶ ነገር ከተሰጣቸው ይልቅ በትምህርት አቀባበላቸው ፈጥነው፣ ጭንቀታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል፤ ውጤቱ ጎልቶ የታየውም በ12ኛው ሳምንት ነበር። ሦስት ሳምንት ሞክሮ «አልሠራም» ማለት ለምን ፍትሐዊ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሆኖም ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ኤክስትራክት የሚባለውም ባኮሳይዱ ተለይቶ የጠነከረበት በመሆኑ ከተራው ዱቄት ጋር በግራም ማወዳደር አይቻልም። የህንድ መጻሕፍት ለዱቄቱ የሚሰጡት ልክ በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ሲሆን፣ እኔ የወሰድኩት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወደ ታችኛው መጠን ይጠጋል።

ስለ ምርቱ ጥራት ከሁሉ አብልጬ ላስጠነቅቅ የምፈልገው በስሙ ላይ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእኔን ለውጥ አይታ «ለእኔም ፈልጊልኝ» ስትለኝ እዚሁ ከተማ ውስጥ ካገኘሁት ሱቅ አንድ እሽግ ገዛሁ። በላዩ ላይ «ብራህሚ» ከሚለው በቀር ሳይንሳዊ ስም አልተጻፈበትም፤ የታተመው ሥዕል ደግሞ ክብ፣ ኩላሊት የሚመስል ሰፊ ቅጠል ነበር። ይህ ባኮፓ አይደለም። በሰሜን ህንድ ብዙ ቦታ ብራህሚ የሚሉት ሴንቴላ ኤሺያቲካን፣ በሳንስክሪት ማንዱካፓርኒ የሚባለውን ሲሆን፣ በደቡብ በኬረላ ግን ብራህሚ ባኮፓ ነው። ሴንቴላ የድንብላልና የእንስላል ቤተሰብ የሆነ ፍጹም ሌላ ዕፅ ነው። እርሱም በአዩርቬዳ የሚያቀዘቅዝና አእምሮ የሚያረጋጋ ተብሎ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን መጠኑም፣ ንጥረ ነገሩም፣ የተጠናበትም መንገድ የተለየ ስለሆነ አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ገዢውን ማሳሳት ነው። ሻጩን ስጠይቀው የትኛው እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም፤ ዱቄቱን ለባልደረባዬ አልሰጠኋትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ንጽሕናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ውስጥ በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። ባኮፓ ደግሞ የረግረግ ዕፅ በመሆኑ በቅሎበት ከነበረው ውኃና ጭቃ ከባድ ብረቶችን ወደ ራሱ ይስባል። የሐይቅ ዳር ነዋሪ የሆንን ሰዎች ውኃው ውስጥ የገባው ሁሉ መጨረሻው ዕፁ ውስጥ እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አጎቴ ያመጡልኝ እሽግ ሳይንሳዊ ስሙ፣ የትኛው የዕፁ ክፍል እንደተፈጨ፣ የምርት ተራ ቁጥሩና የአገልግሎት ጊዜው የተጻፈበት ነበር፤ እነዚህ ያልተጻፉበትን ባትገዙ ይሻላል። በካፕሱል የሚሸጠውን የሚመርጥ ሰውም ካፕሱሉ ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ከእንስሳ በሚገኝ ጄላቲን ስለሚሠሩ ለጾመኛም፣ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ያልታረደ እንስሳ ለማይበሉ ወገኖችም ጉዳይ ነው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የልብ ምቱ ዝግ ያለ ሰው፣ የታይሮይድ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ፣ የእንቅልፍ ክኒን የሚጠቀም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊነካው አይገባም። ሐሳቡ ከእንቅልፍ ማጣት አልፎ ምግብ የሚያስጠላ፣ ሥራ የሚያስተው፣ መኖርን የሚያስመርር ከሆነም ቦታው ዱቄት ቤት ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው፤ በከተማችን ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ወደዚያ መሄድም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ከእሽጌ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስለቀረኝ፣ ለሌላ አንድ እሽግም ወደ ህንድ ለሚሄድ ሰው ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። በመጪው የካቲት፣ ጸሐዩ መክረር ሲጀምር፣ የከሰዓቱን ቡና እንደ ቀድሞው ሦስቱንም ስኒ እየጠጣሁ እንደገና ለ12 ሳምንታት እወስደዋለሁ፤ ጾሙ ስለሚደርስ እስከ ፋሲካ በማር ነው የሚሆነው። ያን ጊዜም አምስት ሰዓት ሳይሞላ ከተኛሁ ምስጋናው የብራህሚ ይሆናል።